ይድረስ ሦስተኛውን ምርመራ ላስቀራችሁ

ይድረስ የሕዝብን ጤና እንድትጠብቁ ለተሾማችሁ ሁሉ፤ መመሪያ ለምታወጡ፣ በጀት ለምትደለድሉ፣ መድኃኒትና መመርመሪያ ገዝታችሁ ለምታከፋፍሉ፣ በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው የኃላፊነት ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ።

እህቴን ቀብሬ ነው የምጽፍላችሁ። 34 ዓመቷ ነበር። ሦስት ልጆች ትታ በጉበት ካንሰር ሞተች። ቅሬው (እድሩ) ድንኳኑን ነቅሎ ሄዷል፤ ከወግዲም፣ ከከለላም፣ ከለጋምቦም የመጣው ለቅሶ ደራሽ ወደየቤቱ ተመልሷል። «አብሽር፣ የፈጣሪ ሥራ ነው» ያሉኝን አባቶች አከብራቸዋለሁ፤ ማጽናኛቸውንም በደስታ ተቀብያለሁ። ነገር ግን እህቴን የገደላት ሕመም ስሙ ይታወቃል፤ የሚተላለፍበት መንገድ ይታወቃል፤ በጥቂት ጠብታ ደም በ20 ደቂቃ ውስጥ ይታያል፤ ክትባቱም ሥራ ላይ ከዋለ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። እንዲህ ያለ ሕመም ሰው ሲገድል ጥያቄዬን ለፈጣሪ አላቀርብም። ለእናንተ አቀርባለሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት የእርግዝና መከታተያ ካርዶች አሉ። እህቴ ወረቀት አትጥልም ነበር። ከልጆቿ የክትባት ካርድ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣቸው ነበር። የመጀመሪያው ካርድ ጠርዙ ተበልቷል፤ ሁለተኛው ላይ ቡና ፈስሶበታል፤ ሦስተኛው ገና አዲስ ይመስላል። ሦስቱንም ጊዜ ክንዷ ታስሮ ደም ተቀድቷል። ሦስቱንም ጊዜ ኤችአይቪ ተመርምራ ነጻ ተብላለች፤ ቂጥኝ ተመርምራ ነጻ ተብላለች። ሄፓታይተስ ቢ ጋ ሲደረስ በመጀመሪያው ካርድ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። በሁለተኛው ላይ አጭር ሰረዝ ተሰምሯል። በሦስተኛው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ፣ «ኪት የለም» ይላል።

ይህን የጻፈችውን አዋላጅ ነርስ አልወቅሳትም። የጎደለውን ሳትደብቅ የጻፈች እሷ ብቻ ናት። የጤና ተቋማቱንም ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ተቋም ቢሆን ኖሮ አቤቱታዬን እዚያው በር ላይ አቅርቤ እመለስ ነበር። የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለሁለቱ ምርመራ የበቃው ደም ለሦስተኛው ለምን አልበቃም? የኤችአይቪው ኪት ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ደርሷል፤ ከዚያም ገጠር ድረስ ገብቷል። የሄፓታይተሱን ኪት ከዚያው መኪና ላይ ያስቀረው ማን ነው?

አላወቅንም ልትሉ አትችሉም። ጤና ሚኒስቴር አገር አቀፍ የሄፓታይተስ ስትራቴጂክ ዕቅድና የሕክምና መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፉ ሦስቱንም በአንድነት ለማጥፋት የተዘጋጀው ዕቅድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ያሉትን ዓመታት ይሸፍናል። የእህቴ የመጨረሻ ልጅ የተወለደችው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ በዕቅዱ ዘመን መካከል ማለት ነው። «ኪት የለም» የሚለው ቃል በካርዷ ላይ የተጻፈው ሦስቱ በአንድ ላይ ይመርመሩ የሚለው ሰነድ ታትሞ መደርደሪያችሁ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ሰነዱስ ቢሆን ዘግይቶ የመጣ ነው። ፕሮፌሰር ኤደማርያም ጸጋ ስለ ኢትዮጵያውያን ነፍሰ ጡሮችና ስለ ጉበት ቫይረስ ጥናታቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ያኔ እናታችን ገና ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በአገራችን የተደረጉ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ ጽሑፍ ወጣ። በሄፓታይተስ ቢ የተያዘው ሰው ከመቶ 7.4፣ በሄፓታይተስ ሲ የተያዘው ከመቶ 3.1 ገደማ መሆኑን አሳየ። ከመቶ ሰው ሰባት ማለት አንድም ቅሬ የማያመልጠው ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት የዓለምን የሄፓታይተስ ቢና ሲ ሸክም ሁለት ሦስተኛ ያህል ከተሸከሙት አሥር አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በዚያው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰው ሄፓታይተስ ቢ በደሙ አለ፤ ከነዚህ ውስጥ መያዙን ያወቀው ከመቶ 13፣ መድኃኒት ያገኘው ከመቶ 3 ብቻ ነው። እህቴ ሳታውቅ ከኖሩት መካከል ነበረች። ያወቀችው ማወቅ ምንም ሊያደርግላት በማይችልበት ሰዓት ነው።

እንዴት እንደ ሆነ ልንገራችሁ፤ በየወረዳው እንዲሁ እየሆነ ነውና።

ለወራት ቀኝ ጎኗን ትይዝ ነበር። «አያ፣ እዚህ ጋ ይከብደኛል፤ እህል አይበላልኝም» ትለኛለች። በሄደችበት ሁሉ አንድ ጊዜ የጨጓራ፣ አንድ ጊዜ የታይፎይድ መድኃኒት ይሰጣታል። ከስታ ልብሷ ሰፋት። ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው፤ ይህ የሐኪም አይደለም» አለ። የሌሊት ወፍ ያመጣው ነው ተብሎ ሥር ተቀጥቅጦ ጠጣች፤ ክንዷን ተተኮሰች። ለዱዓ ወዳጃ ተቀመጡላት፤ ጠበልም ተወሰደች። ለጸለዩላት ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሥሩ ግን መጠኑ አይታወቅም፤ የቆሰለ ጉበት ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ማጣራት አይችልም። ከዚያ ሆዷ ውኃ ቋጠረ፤ እግሯ አበጠ። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ አደረሳት። ደሴ ስንደርስ ያየቻት ወጣት ሐኪም አልትራሳውንዱን ይዛ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ለእኔ፣ «ለምንድን ነው እስከ ዛሬ ያልተመረመረችው?» አለችኝ። ያንን ጥያቄ እዚህ ላይ ለእናንተ አስተላልፌዋለሁ።

ያቺ ሐኪም ሥራ በዝቶባት ሳለ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ አላስረዳንም፤ ስለዚህ የነገረችንን፣ በኋላም አንብቤ ያረጋገጥሁትን ለሚያነብብ ሁሉ እዚህ አኖረዋለሁ።

ሄፓታይተስ ቢ የሚተላለፈው በደምና በሰውነት ፈሳሽ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ ጥንቃቄ በጎደለው ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ባልተመረመረ ደም፣ ሌላ ሰው በተጠቀመበት መርፌና ምላጭ። ከሰውነት ወጥቶ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለሰባት ቀን ሕይወቱን ይዞ ይቆያል። አዋቂ ሰው ቢያዝ ከመቶ 95 ያህሉ በራሱ አቅም ያሸንፈዋል። በተወለደበት ሰሞን የተያዘ ሕፃን ግን ከመቶ 90 ያህሉ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት ይኖራል። ያ ሕፃን ያድጋል፤ ያርሳል፤ ያገባል፤ አንድ ቀን እንኳ ላይታመም ይችላል። ቫይረሱ ግን ለ20፣ ለ30 ዓመት ጉበቱን ሲያጠቃ ይኖርና ሰውየው ልጅ በሚያሳድግበት ዕድሜ ላይ ጉበቱ ጠባሳ ሆኖ ይደርቃል ወይም ካንሰር ያበቅላል።

የኛ ሰው ሕመሙን የሚያውቀው በቢጫ ዓይን ነው። የእናንተም አሠራር የሚጠብቀው ያንኑ ቢጫ ዓይን ነው፤ ቁጣዬ እዚህ ላይ ነው። ገበሬው ቢጫ እስኪሆን ቢጠብቅ የነገረው የለም። እናንተ ግን ዓይን ቢጫ ከመሆኑ 30 ዓመት በፊት የሚናገር ምርመራ እንዳለ ታውቃላችሁ።

ሐኪሟ እናታችን እንድትመረመር አዘዘች። እናታችን 60 ዓመት አልፏታል፤ ታማ አልጋ ላይ የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። ውጤቱ ግን አለባት የሚል ሆነ። «ታዲያ ልጄን እኔ ነኝ የገደልኋት?» አለች። ምን ብዬ ልመልስላት? እሷ በቆጥ ቤት፣ በልምድ አዋላጅ እጅ፣ ምርመራም ክትባትም በሌለበት ዘመን ነው የወለደችው። እናታችን አልገደለቻትም። ለዚያች እናት ጥያቄ መልስ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ምርመራውም ክትባቱም ወደ አገር ገብቶ ነበርና።

ከዚያ ልጆቿን አስመረመርን። ትልቁና ትንሿ ነጻ ናቸው። መካከለኛው፣ የሰባት ዓመቱ ልጅ፣ ቫይረሱ አለበት። የክትባት ካርዱን አውጥቼ አየሁት። ምንም አልጎደለም፤ የ6ኛው፣ የ10ኛው፣ የ14ኛው ሳምንት ሁሉም ምልክት ተደርጎበታል። እህቴ አንዱንም ቀጠሮ አላሳለፈችም። አምስት በሽታን በአንድ የሚከላከለው፣ ሄፓታይተስ ቢንም የሚጨምረው ክትባት በአገራችን መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ መግባቱም ብዙ ሕፃናትን አድኗል። ነገር ግን የመጀመሪያው መርፌ የሚሰጠው በስድስተኛው ሳምንት ነበር። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚሻገረው በምጥ ቀን ነው። ስድስት ሳምንት ቆይቶ መከተብ ሌባው ከገባ በኋላ በሩን መቆለፍ ነው። ልጅ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ መርፌ ቢያገኝ፣ ቀጥሎም የተለመዱትን ሦስቱን ቢወስድ አብዛኛው ይድን ነበር። በአፍሪካ ግን በተወለዱ በመጀመሪያው ቀን ይህን መርፌ የሚያገኙት ሕፃናት፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳለው፣ ከመቶ 18 ብቻ ናቸው፤ በዓለም ላይ በሄፓታይተስ ቢ አዲስ ከሚያዘው ሰው ከመቶ 63ቱ ያለው ደግሞ በዚህችው አህጉር ነው።

እናቱ ቀጠሮ ሳታጓድል ያስከተበችውን ልጅ በሽታው ያዘው። ይህን ለሰባት ዓመት ልጅ እንዴት እንደምነግረው እስካሁን አላወቅሁም።

አሁን ደግሞ ስለ ታናሽ እህታችን ልንገራችሁ። ከእኛ አገር ስንት ልጃገረድ ወደ ዓረብ አገር እንደምትሄድ ታውቃላችሁ። ታናሽ እህታችንም ሳዑዲ ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታ፣ ቤተሰብ በሬ ሸጦላት አዲስ አበባ ወረደች። ሜዲካል የሚባለውን የጤና ምርመራ ወደቀች። ወረቀቱ ላይ የሄፓታይተስ ቢ ውጤት ተጽፏል፤ «አትሄጂም» ተባለች፤ አለቀ። ምን እንደሆነ፣ የት እንደምትታከም፣ እናቷና እህቶቿ መመርመር እንዳለባቸው የነገራት ሰው የለም። አፍራ ለማንም ሳትናገር ወረቀቱን ደብቃ ወደ አገሯ ተመለሰች። ያ የሆነው እህቴ ከመታመሟ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ነው።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤት ጠራጊ ከመቅጠራቸው በፊት ሄፓታይተስ ቢና ሲ ይመረምራሉ። የወሎ ቦረናዋን ልጅ፣ በገዛ አገሯ ማንም ያልመረመራትን፣ ሠራተኛ የሚቀጥር ባዕድ መረመራት። በየዓመቱ በዚያ በር ወድቀው የሚመለሱት ወጣቶች ስም ዝርዝር ወደ ጤና ቢሮዎች ቢደርስ፣ ምስጢራቸው ተጠብቆ በየወረዳቸው ቢፈለጉ፣ ቤተሰባቸው ቢመረመር ስንት እናት ትተርፍ ነበር! ሜዲካል መውደቅ ዕጣ መውጣት ወይም አለመውጣት ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። ውጤቱን የምታወጡትም፣ ፈቃዱን የምትሰጡትም፣ ኤጀንሲዎችም ይህን ስሙ፤ የአንዲት ልጅ ውጤት ፖዘቲቭ ሲሆን ከበስተኋላዋ አንድ ሙሉ ቤተሰብ አለ።

ወሬው ሰፈር ከገባ በኋላ የሆነውንም ልንገራችሁ። አንዲት ጎረቤታችን ቡና ስታፈላ ለታናሽ እህታችን የተለየ ሲኒ አስቀመጠችላት። በክፋት አልነበረም፤ ልጆቿን ፈርታ ነው። ማንም ስላላስተማራት ነው። ሄፓታይተስ ቢ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣት፣ በአንድ ገበታ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በመሳሳም፣ በማስነጠስ አይተላለፍም። ጡት በማጥባትም አይተላለፍም፤ ልጇ የተከተበላት እናት ያለ ስጋት ታጥባ። የሚያስፈራው ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ የጥርስ ብሩሽና መርፌ መዋዋስ ነው። በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ይህን የሚል አንድ ወረቀት አላየሁም። ኤችአይቪ በመጣ ጊዜ ራዲዮኑም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም ስለ እሱ ተናግሮ ሰው አወቀ፤ ተመረመረ። ሄፓታይተስ ቢ ከኤችአይቪ ይልቅ ከ50 እስከ 100 እጥፍ የመተላለፍ አቅም አለው፤ ስለ እሱ ግን የሰማነው በለቅሶ ቤት ነው።

ስለ ምላጭ ካነሣሁ ለአንዳንድ ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለኝ። እንጥል የምትቆርጡ፣ ግግ የምታወጡ፣ ዋግምት የምትይዙ፣ ብጥ የምታወጡ፣ የምትነቅሱ፣ የምትገርዙ አባቶችና እናቶች፣ በገበያ ቀን አንድ ምላጭ ለስንት ሰው እንደምታውሉ እናንተ ታውቃላችሁ። በሽታ ለማዳን ብላችሁ ነው። ያ ምላጭ ግን የአንዱን ደም ወደ ሌላው ያደርሳል፤ በነበልባል ላይ አሳልፎ መለስ ማድረግም አያጸዳውም። ፀጉር ቤቶችም እንዲሁ። ለየሰው አዲስ ምላጭ ማድረግ የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ ሲኒ ቡና ያነሰ ነው።

ከባሕላዊው ይልቅ በሐኪም እጅ የሚደርሰው ጥፋት እጅግ የሚከፋበትም ጊዜ አለ። የግብጽን ነገር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ብልሃርዝያን ለማጥፋት በተደረገ ዘመቻ መርፌው በደንብ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ሄፓታይተስ ሲን በመንደሮች ሁሉ ዘራው። መንግሥት ለማዳን ብሎ በሠራው ሥራ ሕዝቡ ታመመ። ነገር ግን ያችው ግብጽ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በወራት ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በነጻ መረመረች፤ የታመመውንም በነጻ አከመች። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት ባደረገችው ሥራ በወርቅ ደረጃ እውቅና ሰጣት። ሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለውም፤ ግን በ12 ሳምንት ኪኒን ከመቶ 95 በላይ የሚሆነው ሰው ይድናል። ዓባይ ከወግዲና ከቦረና ቆላ ሥር አልፎ የሚሄደው ወደዚያች አገር ነው። እዚያ የተቻለው እዚህ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

በራሳችሁ ቤት ያሉትንም አትርሱ። በየሆስፒታሉ ያገለገለ መርፌ የሚሰበስቡት የጽዳት ሠራተኞች፣ በሌሊት ምጥ የሚቀበሉ አዋላጆች፣ ተለማማጅ ተማሪዎች ስንቶቹ ተከትበዋል? ያልተከተበ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ያለበትን ሰው የወጋ መርፌ ቢወጋው የመያዝ ዕድሉ ከመቶ 6 እስከ 30 ይደርሳል፤ በኤችአይቪ ከሆነ ግን ከሺህ ሦስት ገደማ ነው። በሦስት መርፌ የሚጠበቅ ሰው ሳይጠበቅ ሥራ ላይ ማሰማራት ሞራልም ሕግም የሚደግፈው አይደለም።

በውኃና በምግብ ስለሚመጡት ስለ ሄፓታይተስ ኤና ኢ ብዙ አልልም። አብዛኛው ሰው ይድንባቸዋል። ነገር ግን ሄፓታይተስ ኢ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ላይ ያለችን ሴት ሲይዝ ከአራት ወይም ከአምስት አንዷን እስከ መግደል ይደርሳል። በ2006 ዓ.ም. በጋምቤላ በደቡብ ሱዳን ስደተኞች መካከል ተነሥቶ ነበር። ሰው ተፈናቅሎ በተጠጋበት፣ ሽንት ቤት በሌለበት፣ ከወንዝ በሚጠጣበት ሁሉ ይመጣል፤ በአማራ ክልል ተፈናቅሎ የተጠጋው ወገናችን ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የክልላችንን ጦርነት በምክንያትነት እንደምታነሡ አውቃለሁ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መንገድ ይዘጋል፤ መድኃኒት በየኬላው ይቆማል፤ አምቡላንስ ይፈራል። እኛ ውስጡ ስለምንኖር ይህን አልክድም። ነገር ግን ያ የሰባት ዓመት ልጅ ሲወለድ መንገዱ ክፍት ነበር። የመጀመሪያው ካርድ ባዶ በሆነበት ዓመት መንገዱ ክፍት ነበር። ጦርነት ያመጣውን ጉድለት ጦርነት ከመምጣቱ በፊት ከነበረው ጉድለት ለዩልኝ።

መታከም አይቻልም የሚለውንም አልቀበልም። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከ1 ሺህ በላይ የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን ክትትል ተደርጎላቸው፣ ለሚገባቸው ቴኖፎቪር እየተሰጣቸው ኖረዋል። ቴኖፎቪር ቫይረሱን ጨርሶ አያጠፋውም፤ እንዳይባዛ አፍኖ ይይዘዋል፤ ጉበት እፎይ ይላል። ይህ መድኃኒት እንግዳ አይደለም። ለኤችአይቪ በነጻ ከሚሰጡት ኪኒኖች አንዱ ነው፤ በየጤና ተቋሙ አለ። ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ያለበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከኪሱ ገዝቶ ነው የሚውጠው። በዓለም ገበያ የአንድ ወሩ ዋጋ ወደ 2 ዶላር ተኩል ሊወርድ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ጽፏል። አንድ ገበሬ ከመካነ ሰላም ደሴ ደርሶ ለመመለስ የሚያወጣው ወጪ ከዚያ ይበልጣል።

ምን እንደምንጠይቅ ግልጽ ላድርገው። ለእርግዝና ክትትል የመጣች እያንዳንዷ ሴት፣ በዚያው በተቀዳው ደም፣ በዚያው ቀን ሦስቱንም ትመርመር፤ «ኪት የለም» ተብሎ የተጻፈ ካርድ ሲገኝ በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ይደረግ፤ ምክንያቱም በስም ይጠየቅ። ቫይረሱ የተገኘባት እናት እቤቷ አትላክ፤ ባሏ፣ ልጆቿ፣ እናቷ፣ እህት ወንድሞቿ ይመርመሩ፤ ነጻ የሆነው ይከተብ። የቫይረስ ቁጥር መለኪያ በሌለበት ቦታ ቢሆን እንኳ ነፍሰ ጡሯ ቴኖፎቪር ልትጀምር እንደምትችል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ላይ አለ፤ ስለዚህ «ማሽኑ የለንም» የሚለው ምክንያት አብቅቷል። የሚያዋልድ ቦታ ሁሉ ክትባቱ ይኑረው፤ ቅዳሜም እሑድም፣ ሌሊትም። ቫይረሱ ያለበት ሰው በየስድስት ወሩ ጉበቱ በአልትራሳውንድ የሚታይበት፣ ለዚያም ደሴ ወይም አዲስ አበባ የማይሄድበት አንድ ቀን በየሆስፒታሉ ይመደብ። ካንሰር ትንሽ ሳለ ከተገኘ ብዙ ነገር ይደረጋል፤ እህቴ ሆድ ውስጥ ሲገኝ ግን የብርቱካን ያህል ሆኖ ነበር።

የእህቴ መካከለኛ ልጅ ነገር አሁን በእጃችን ነው። በየስድስት ወሩ እንወስደዋለን፤ እስካሁን ጉበቱ ደህና ነው። ታናሽ እህታችን ግን ከዚያ የሜዲካል ወረቀት በኋላ አግብታ ዛሬ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ነገሩን ነግራው ነው ያገባት፤ ተመርምሮም ተከትቧል። ቴኖፎቪሯን ገዝተን ጀምራለች። የቀረው አንድ መርፌ ነው፤ ልጇ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ጭኑ ላይ የሚወጋው። ያንን መርፌ እኔ ገበያ ወጥቼ ልገዛው አልችልም። ማቀዝቀዣውም፣ ክትባቱም፣ ቁልፉም በእናንተ እጅ ነው። ሁለት ወር ጊዜ አላችሁ። የምትወልድበትን ቦታ በጽሑፍ እናሳውቃችኋለን፤ መኖሩን በጽሑፍ አረጋግጡልን።

የሟች ወንድም
መካነ ሰላም